የ77 ልጅ ነኝ፤ ስኳሬ ከዚያ ይሆን የመጣው?

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በሦስት ቀን 32 መልስ መጣለት። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው ይሆናል ብዬ፣ ማን ምን እንዳለ ከነቁጥሩ በራሴ አባባል ጽፌዋለሁ። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ። አንዳንዱን ግን ማሳጠር አልሆነልኝም።

የመነሻው ጥያቄ

ባለፈው ወር ውሃ ውሃ ይለኝ ጀመር። ሌሊት ሦስቴ አራቴ ለሽንት እነሳለሁ። ባለቤቴ ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ስኳር ተገኘብኝ። ግፊትም አብሮ። ዕድሜዬ 43 ነው። ቀጭን ነኝ። አልጠጣም፣ አላጨስም፣ ጫት ቤት ደጃፍ አልደርስም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ከቤተሰቤ ስኳር ያለበት ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ካርዱ ላይ ሞላች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ የት እንደተወለድኩና በ77 ስንት ዓመቴ እንደነበር ጠየቀችኝ። ሳቄ መጣ። ስኳርንና ድርቅን ምን አገናኛቸው? ግን ነገርኳት። የተወለድኩት ቆቦ አካባቢ ነው። በ77 ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ አዝላኝ የግራካሱን ዳገት ወጥታ ኮረም መጠለያ ገባች። እዚያ ታመመች። እኔን አያቴ መጥታ ወሰደችኝ። እናቴን መልሼ ሳያት አራት ዓመት አልፎኝ ነበር፤ አላወቅኳትም አሉ። ሐኪሟ ዝም ብላ ሰማችኝ። ካርዱ ላይ ለዚህ ነገር የተተወ ቦታ የለም። ጥጉ ላይ በእርሳስ 77 ብላ ጻፈች።

እንቅልፍ የነሳችኝ ያቺ የእርሳስ ቁጥር ናት። ስለዚህ ጠየቅኩ። ሰው በሕፃንነቱ ያየውን መከራ ጭንቅላቱ ቢረሳውም፣ አካሉ ይዞት ይቆያል ወይ?

መልስ 1

እግዜር ይማርህ ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ ሽፈራው በሻይ መልክ ጠዋት ጠዋት እንድጠጣ መከረኝ። ስለ ልጅነት ምንም አላነሳም። ደግ ሰው ነው።

መልስ 2

ይሄኛው ጥያቄውን ከነጭራሹ አልወደደውም። ሕመምን ወደ ኋላ ሄዶ መፈለግ የስንፍና ምልክት ነው ባይ ነው። ጨው እንድቀንስና በእግሬ እንድሄድ አዘዘኝ። እሱ የተወለደው በ79 ነው። ሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ ግን ያንን ዘመን በልጅነታቸው እዚያው ወሎ አሳልፈዋል። አንዱ ዛሬ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ኩንታል ይሸከማል፣ ጉንፋን እንኳ አይዘውም። 77 ስኳር የሚያመጣ ቢሆን ግማሽ ወሎ በኢንሱሊን ይኖር ነበር ብሎ ዘጋው።

መልስ 3

የሕብረተሰብ ጤና አስተምራለሁ ያሉ ሰው ናቸው፤ አጻጻፋቸውም የመምህር ነው፣ አንቱ ልበላቸው። ታሪኩን ከአሜሪካ ሳንዲያጎ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዶክተር ቪንሰንት ፌሊቲ ካይዘር ፐርማኔንቴ በሚባለው የጤና ድርጅት ውስጥ የውፍረት ክሊኒክ ይመሩ ነበር። ያልገባቸው ነገር ክብደታቸው ጥሩ እየቀነሰላቸው የነበሩ ሰዎች ሕክምናውን እየተዉ መሄዳቸው ነበር። ጠጋ ብለው ሲጠይቁ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ተደፍረው ወይም ተጎድተው ተገኙ። ከዚያ ከሮበርት አንዳ ጋር ሆነው ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች ያሉበት ጥናት ጀመሩ። የመጀመሪያው ውጤት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ድብደባ፣ መደፈር፣ ቤት ውስጥ ሰካራም መኖር፣ የምትደበደብ እናት፣ እንዲህ ያሉ ነገሮች እየተቆጠሩ፣ አራትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ሰዎች ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ተነጻጸሩ። ለአልኮል ሱስ፣ ለድባቴና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሰውን ይበልጥ ያስደነገጠው ግን የልብ፣ የሳንባና የጉበት በሽታም ከቁጥሩ ጋር አብሮ መጨመሩ ነው።

መልስ 4

በትህትና፣ ግን ፈርጠም ብሎ መምህሩን አረመ። እነዚያ ሰዎች የጤና መድን ያላቸው፣ አብዛኞቹ የተማሩና ነጮች ነበሩ። መጠይቁም የሚያየው ቤት ውስጥ ያለውን ነው። ጦርነት፣ መፈናቀል፣ ድርቅ እዚያ ውስጥ የሉም። የእኔ ታሪክ በዚያ ሚዛን ቢለካ ነጥቡ ትንሽ ነው የሚሆነው፤ አያቴ አልመታችኝም፣ ሰካራምም አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ጉድለት አይቶ ጦርነትንና የሰፈር ጥቃትን የሚጠይቅ ሌላ መጠይቅ ማዘጋጀቱንም ጠቆመ።

መልስ 5

አንዲት እናት ደንግጣ ገባች። ትናንት የአምስት ዓመት ልጇን ጮኻበት ነበር። ልጄን አበላሸሁት ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

መልስ 6

መምህሩ ተመለሱ፤ ከሁሉም መልስ ይሄን ነው የወደድኩት። ጭንቀት ሁሉ አንድ አይደለም ብለው ሦስት ቦታ ከፈሉት። የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት በር ላይ አልቅሶ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኛ ይዞ የሚገኝ ልጅ አለ፤ ያ ልጅን ያጠነክራል። ከበድ ያለ፣ ለምሳሌ የአያት ሞት፣ የሚያቅፍ ሰው ካለ ያልፋል። ሦስተኛው ነው መርዙ። የማያባራ፣ የሚያቅፍም የሌለበት።

ከዚያ የሰፈር ውሻን ምሳሌ አመጡ። ውሻ ጅብ ሲመጣ ቢጮህ ሥራው ነው። ልብ ይመታል፣ ደም ውስጥ ስኳር ይለቀቃል፣ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ይወጣል፤ ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ይረጋል። ጅቡ በየሌሊቱ አጥሩ ሥር ከዋለ ግን ውሻው መተኛት ይተዋል። ውሎ አድሮ ለቅጠል ኮሽታም ይጮኻል። አካል ገና በሚሠራበት ዕድሜ ይህ ከሆነ ማንቂያው እንደዚያው ተሠርቶ ሊቀር ይችላል። ደም ሥሩም፣ ስኳር የሚያስተካክለው አካልም፣ ከበሽታ የሚከላከለውም ለዓመታት ዋጋ ይከፍላል። ለእናትየዋ ደግሞ፣ ከጮኹ በኋላ ልጁን አቅፎ ይቅርታ መጠየቅ መልካም ነገር እንደሆነ ጽፈውላታል።

መልስ 7 እስከ 13

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ በርበሬ ሄደ። 7ኛው እኛ በበርበሬ ታጥነን ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን አለ። የዛሬ ልጅ ተሞላቅቋል፣ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው አለ። 8ኛዋ ምንም ካልሆነ ለምን እንደዚህ እንደሚቆጣ ጠየቀችው። እሷ ዛሬም ጎረቤት በርበሬ ሲቆላ ጉሮሮዋ ይዘጋል። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ነጠላ አልብሰው፣ ከሥሩ ፍሙ ላይ ሁለት ዛላ ጥለው ያዟት። ጥፋቷ የሰባበረችው ስኒ ነበር።

9ኛው 7ኛውን አሳዳጊ የበደለው ብሎ ሰደበው። 10ኛው ስድብ እንዲቆም ለመነ። 11ኛው ግን ቆም ብሎ የሚያስገርም ነገር አስተዋለ። አሳዳጊ የበደለው ስንል የምንሰድበው ልጁን ነው፤ ቃሉ ራሱ ግን በዳዩ አሳዳጊው ነው የሚል። አማርኛ ከሳንዲያጎ በፊት ደርሶበታል ማለት ነው አለ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ልብ አላልኩትም። 12ኛዋ ከአሜሪካ፣ እዚያ ልጅ መምታት ምን እንደሚያስከትል ልታስረዳ ሞከረች። 13ኛው እዚያ ያሉ ልጆች አማርኛ የማይችሉት ስለማይመቱ ነው አለ። ይሄን የጻፍኩት አንድ መልስ እንኳ እንዳይጎድል ብዬ ነው።

መልስ 14

ከእስራኤል የጻፈች እህት ናት። ቤተሰቦቿ ከጎንደር ተነስተው በእግራቸው ሱዳን የገቡት በዚያው በ77 ነው። በዚያ ጉዞና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን አልቀዋል። ታላቅ ወንድሟ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። ዛሬ ስኳር አለበት። በማኅበረሰባቸው ስኳር ሲመጡ ብርቅ ነበር፤ እዚያ ከኖሩ በኋላ ግን በጣም ተስፋፋ። የእሷ ጥያቄ ከእኔው ይበልጣል። ያመጣው ረሃቡ ነው ወይስ ነጭ ዳቦና ጣፋጩ?

መልስ 15

መምህሩ ሁለቱም ሊሆኑ እንደሚችሉ መለሱ። እንግሊዝ አገር፣ ሄርትፎርድሺር ውስጥ፣ ነርሶች ሕፃናትን ሲወለዱና ዓመት ሲሞላቸው እየመዘኑ በመዝገብ ይጽፉ ነበር። ዴቪድ ባርከር የተባሉ ሐኪም ያንን አሮጌ መዝገብ ከሞት መዝገብ ጋር አገናኙት። ሲወለዱም፣ ዓመት ሲሞላቸውም ቀላል የነበሩ ወንዶች በልብ በሽታ ይበልጥ ሲሞቱ ተገኙ። ይህ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሆላንድም አለች። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት ጀርመኖች ምግብ ሲዘጉባቸው የአንድ ሰው ራሽን በቀን ከ400 እስከ 800 ካሎሪ ወርዶ ነበር። ያኔ ማኅፀን ውስጥ የነበሩት ከ50 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ ሰውነታቸው ስኳርን የማስተናገድ አቅሙ ደከም ብሎ ተገኘ።

ማብራሪያው ለእኔ የቤት ነገር መሰለኝ። በረሃብ ጊዜ የሚሠራ አካል ቆጣቢ ሆኖ ይሠራል። አገሩ ደረቅ ነው ብሎ ይዘጋጃል። በኋላ ዳቦና ስኳር ሲዘንብበት ማስተናገጃው ጠባብ ነው። ስለዚህ 77 ብቻውን አይደለም፤ 77 ሲደመር ዛሬ ነው።

መልስ 16 እና 17

አንዲት ሴት ከቤሩት ጻፈች። የሰው ቤት ትሠራለች። የሦስት ዓመት ልጇ ደሴ እናቷ ጋ ነው። በቪዲዮ ስትደውልለት ስልኩን ገልብጦ ይጫወትበታል እንጂ አያያትም። የእኔ እናት ታሪክ ላይ ስትደርስ ማንበብ አቅቷት እንደነበር ነገረችን። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

17ኛው የመለሰላት ሰው ቀደም ሲል በርበሬ ላይ ተሳድቦ የነበረው 9ኛው ነው፤ ሰው ይገርማል። ሃዋይ ካዋይ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን ኤሚ ዌርነር የተባሉ ተመራማሪ ለአሥርት ዓመታት እንደተከታተሏቸው ነገራት። በድህነትና በተረበሸ ቤት ውስጥ ካደጉት ከሦስቱ አንዱ ጥሩ ሰው ሆነው ነው የወጡት። ከሚያመሳስሏቸው ነገሮች አንዱ የሚያምኑት አንድ አዋቂ አጠገባቸው መኖሩ ነበር። ያ ሰው እናት ካልሆነም አያት ይሆናል፣ አክስት ይሆናል። ልጁ ስልኩን የሚገለብጠው አያቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ ተቀምጧል ማለት ነው አላት።

መልስ 18

የእኔ ነው። ስለ አያቴ ጻፍኩ። መቀነቷ ውስጥ ቆሎ ቋጥራ ትይዝ ነበር። ሌሊት ስነቃ አታባብለኝም፣ አትዘፍንልኝም። የመቀነቱን ጫፍ እጄ ላይ ታስይዘኛለች። ቆሎው ውስጡ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ይዤው እተኛለሁ። ይሄን ማስታወሴን ራሱ ያወቅኩት ለቤሩቷ እህት ስጽፍ ነው።

መልስ 19

አንዱ ስለ 77 ረሃብ የተሠራ ጥናት አመጣ። ስቴፋን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር ያኔ ከሦስት ዓመት በታች የነበሩ ልጆችን ካደጉ በኋላ ለኩ። ከታላላቆቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ። ወዲያው ተነስቼ በር መቃን ላይ ተለካሁ። 1 ሜትር ከ64። ታላቅ ወንድሜ 1 ከ71 ነው።

መልስ 20

2ኛው ተመልሶ አሾፈብኝ። የአንድ ሰው ቁመት ምን ያስረዳል? እሱም ከወንድሙ ያጥራል፤ ያውም በ79 ተወልዶ። እውነቱን ነው። በሁለት ሰው ጥናት አይሆንም።

መልስ 21

በስታቲስቲክስ የምትሠራ መሆኗን የነገረችን ሴት ሁለታችንንም ገሠጸች። መጀመሪያ እኔን። አዋቂ ሰው ልጅነቱን ሲጠየቅ የሚናገረው ትውስታውን ነው። ኒውዚላንድ፣ ደኒደን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 እና 73 የተወለዱ 1,037 ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እየተመዘገቡ አድገዋል። በልጅነታቸው የተጻፈውና ካደጉ በኋላ የተናገሩት የሚገጥመው በከፊል ብቻ ነው። ሆኖም እዚያው ጥናት ውስጥ በመዝገብ የተያዘ በደል የደረሰባቸው ልጆች፣ ካደጉ በኋላ ደማቸው ላይ የሰውነት መቆጣት (ኢንፍላሜሽን የሚባለው) ምልክት ከፍ ብሎ ታይቷል።

ከዚያ ወደ 2ኛው ዞረች። ወንድሞቹን የቆጠረው ዛሬ ያሉትን ነው። ረሃብ ደካማውን አስቀድሞ ወስዶ ጠንካራውን ያስቀራል። የተረፈውን አይቶ ምንም አልሆነም ማለት፣ ከጦርነት የተመለሰውን ብቻ ጠይቆ ጦርነት አይገድልም እንደማለት ነው። ጠንከር ያለ አነጋገር ነበር። 2ኛው ለአንድ ቀን ጠፋ።

መልስ 22 እና 23

ታዲያ የተጎዳ ይጠገናል ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። 23ኛው ሩማንያን አነሳ። የአገሩ አምባገነን መሪ ቻውሼስኩ ከወደቀ በኋላ የሕፃናት ማሳደጊያዎቹ በር ሲከፈት በየአልጋው ተኝተው ማንም የማያነሳቸው ልጆች ተገኙ። ቡካሬስት ውስጥ 136 ልጆችን ይዘው በዕጣ ግማሾቹን አሳዳጊ ቤተሰብ ሰጧቸው። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮም በስሜትም ተሻሻሉ። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት ይበልጥ ዳኑ። እና ሌሎቹ ግማሾቹስ በምን ጥፋታቸው ቀሩ የሚል ተቃውሞ እዚያው ሥር ተነሳ። ያኔ በአገሩ አሳዳጊ ቤተሰብ የሚባል አሠራር እምብዛም አልነበረም፤ ቤተሰብ ከተገኘላቸውም እንዲቀሩ የተደረጉ የሉም። መልሱ ይህ ነው፤ ሁሉንም ግን አላረካም።

መልስ 24

ያንን የልጅነት መከራ የሚቆጥር መጠይቅ በበይነ መረብ ሞልቶ 6 ነጥብ ያገኘ ወጣት ዕድሜዬ አጭር ነው ብሎ ተሸበረ። የመለሱለት መምህሩ ናቸው። ሮበርት አንዳ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ነጥቡ ለአንድ ሰው መፍረጃ እንዳይሆን አስጠንቅቀዋል። ለሕዝብ ነው የተሠራው። አንድ ዓይነት ነጥብ ያላቸው ሁለት ሰዎች ያዩት መከራ ፈጽሞ ላይገናኝ ይችላል። ነጥቡ የቡና ስኒ አተላ አይደለም አሉት።

(ይህ መልሳቸው ሳይቆጠር ከ24 ሥር ነው የገባው። ለምን እንደሆነ አላውቅም።)

መልስ 25 እስከ 28

25ኛው ስለ 77 አውርተን ስናበቃ ባለፉት ዓመታት ጦርነት በየመጠለያው ያደጉትን ሕፃናት ማን እንደሚያነሳ ጠየቀ። የሚገባ ጥያቄ ነበር። 26፣ 27 እና 28 ተሰርዘዋል። አንብቤያቸዋለሁ፤ ስለ ሕፃናት አልነበሩም።

መልስ 29

ነርስ ነኝ ያለች ሴት ናት። አጭርና ደረቅ ናት። ምክንያቱ 77 ሆነም አልሆነ ኪኒኑ ያው ነው፣ እንዳላቋርጥ። ሽፈራውን ኪኒኑን ትቼ ከጠጣሁ እንደምትጣላኝ ለ1ኛውም ነገረችው። ግፊቴን ቤት እንድለካና የክንዱን መለኪያ እንድገዛ፣ የእጅ አንጓው እንደሚሳሳት መከረች።

መልስ 30

1ኛው ሽፈራው ከኪኒን ጋር ማለቱ እንጂ ብቻውን ማለቱ እንዳልነበረ አስተባበለ።

መልስ 31

2ኛው ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ። ይሄን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ስድብም፣ ቀልድም የለበትም። አባቱ ጋ ደውሎ ነበር። በእሱና ከላዩ ባለው ወንድሙ መካከል ስድስት ዓመት ለምን እንዳለ ጠየቃቸው። ዕድሜውን ሙሉ ጠይቆ አያውቅም። አባቱ ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ሁለቴ ሃሎ አለ። ከዚያ መሀል ላይ ሁለት ሴት ልጆች እንደነበሩ ነገሩት። ስማቸውንም ነገሩት። ስሞቹን ጽፏቸዋል፤ እኔ ግን እዚህ አልደግማቸውም። ከዚያ በታች ምንም አልጻፈም።

ለረጅም ሰዓት ማንም አልመለሰም።

መልስ 32

የግፊት መለኪያው በባትሪ ነው ወይስ በቻርጅ ብሎ አንዱ ጠየቀ። እኔ የገዛሁት በባትሪ ነው፣ አራት ድንጋይ ይፈልጋል።